በእናንተና በሠራተኛው መሀል ማን ቆሟል? በብሪታንያ የአትክልትና የግቢ ሥራ ዘመናዊ ባርነትን መከላከል

በሴፕቴምበር 2011 አንድ ማለዳ የብሪታንያ ፖሊስ በቤድፎርድሺር፣ ሌይተን ባዛርድ አጠገብ ያለ የካራቫን ሰፈር ከቦ 24 ወንዶች አገኘ። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብዙዎቹ ለቤት አልባዎች ሾርባ ከሚታደልበት፣ ወይም የሥራ አጥ ድጎማ ከሚጠየቅበት ደጃፍ ላይ “ሥራ አለ፣ መኝታም አለ” ተብለው የተወሰዱ ነበሩ። እንግሊዛውያንም ይገኙባቸው ነበር። ሥራቸው የሰው ግቢ ማንጠፍ ነው፦ የመኪና መግቢያ መቆፈር፣ አሸዋ መደልደል፣ ጡብ መደርደር። የተደበቀ ጓዳ ውስጥ አልነበሩም። በጠራራ ፀሐይ፣ ደንበኛ በመስኮት እያያቸው ነው የሚሠሩት።

የአትክልት ሥራ ድርጅት ያለው ሰው ስለ ዘመናዊ ባርነት ሲሰማ አእምሮው ወደ ሩቅ አገር ይሄዳል። የሩቁም አለ፣ እንመጣበታለን። መነሻው ግን ከራሱ መኪና ላይ አካፋ ይዞ የሚወርደው ሰው ነው።

ባርነት የሚባለው የትኛው ነው?

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1930 ባጸደቀው 29ኛ ስምምነት የግዳጅ ሥራን የሚለካው በሁለት ነገር ነው፦ ሰውየው ሥራውን የሚሠራው ቅጣት ፈርቶ ነው ወይ? ሳይፈቅድስ ነው ወይ የገባበት? ሁለቱ ሲገጣጠሙ የግዳጅ ሥራ ይባላል። ድርጅቱ ለ2021 ባወጣው ግምት 27.6 ሚሊዮን ሰዎች በግዳጅ ሥራ ላይ ነበሩ።

“ቅጣት” ሲባል ዱላ ብቻ እንዳይመስላችሁ። “ለኢሚግሬሽን እደውላለሁ” ቅጣት ነው። “ዛሬ ካልሠራህ ማታ ከካራቫኑ ትወጣለህ” ቅጣት ነው። አገር ቤት ላሉ ወላጆች የተላከ የማስፈራሪያ መልእክትም እንዲሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ዕዳ ነው፤ ድምፅ የለውም፣ ቁስል አይታይበትም፣ ወረቀት ላይ ሲሰፍርም ሕጋዊ ይመስላል። ፓስፖርት መንጠቅን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከዓረብ አገር የተመለሰች እህት ወይም ጎረቤት የሌለው ሰው ጥቂት ነው።

በሌላ በኩል፣ ትንሽ ደመወዝ ብቻውን ባርነት አይደለም። ክፉ አለቃም ባርነት አይደለም። ይህን መለየት የሚጠቅመው ጥፋተኛውን ለማቅለል አይደለም፤ መፍትሔው ስለሚለያይ ነው። ዝቅተኛ ክፍያ በደመወዝ ማስተካከያና በካሳ ይፈታል። በግዳጅ የተያዘን ሰው በራሳችሁ ለማስፈታት መሞከር ግን ሰውየውን ሊያስጎዳው ይችላል።

ሕጉ ማንን ይይዛል?

የ2015ቱ የዘመናዊ ባርነት ሕግ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል፤ ሰዎች ሁልጊዜ ያምታቷቸዋል። አንደኛው ወንጀሉ ነው። ሰውን በባርነት መያዝ፣ በግዳጅ ማሠራት ወይም ለብዝበዛ ማዘዋወር እስከ ዕድሜ ልክ ያስቀጣል፤ እዚህ ላይ ትልቅ ድርጅት ትንሽ ድርጅት የለም። ሁለተኛው አንቀጽ 54 ነው። ዓመታዊ ሽያጩ 36 ሚሊዮን ፓውንድና ከዚያ በላይ የሆነ ድርጅት በራሱም ሆነ በአቅራቢዎቹ ዘንድ ባርነት እንዳይኖር ምን እንዳደረገ በየዓመቱ መግለጫ ማውጣት አለበት። መግለጫው በቦርድ ይጸድቃል፣ ዳይሬክተር ይፈርምበታል፣ ድረ ገጽ ካለም ከፊተኛው ገጽ ላይ በግልጽ ይገናኛል።

ሦስት ቫንና 12 ሠራተኛ ያለው የግቢ ማስዋብ ድርጅት 36 ሚሊዮን አይደርስምና “አይመለከተኝም” ይላል። መግለጫውን የማውጣት ግዴታ በእርግጥ የለበትም። ነገር ግን የማዘጋጃ ቤት፣ የሆስፒታል ወይም የትልቅ ተቋራጭ ጨረታ ሲገባ ጥያቄው በእነሱ በኩል ይመጣበታል። ያኔ የሚሠራው የተለመደ ስህተት የትልቅ ኩባንያ መግለጫ ገልብጦ ስሙን መቀየር ነው። 12 ሠራተኛ ያለው ድርጅት “የዓለም አቀፍ ኦዲት ቡድናችን” ብሎ ሲጽፍ አንባቢው ወዲያው ይነቃል። ግማሽ ገጽ ይበቃል፦ ሠራተኛ ከየት እንደምታገኙ፣ አምስቱን ትልልቅ ግዢዎቻችሁን ከማን እንደምትገዙ፣ ዘንድሮ ምን እንዳጣራችሁ፣ ምን እንደቀራችሁ። “ምን ቀረን” የሚለው መስመር ያለበት መግለጫ ከሌሎቹ የበለጠ ይታመናል።

ሌላም መታወቅ ያለበት ክፍተት አለ። በፌብሩዋሪ 2004 በሞርካም ቤይ የባሕር ዳርቻ ቀንድ አውጣ መሰል ዛጎል ይለቅሙ የነበሩ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ሠራተኞች ማዕበል ደርሶባቸው ሞቱ። በዚያው ዓመት ሠራተኛ አቅራቢዎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ፤ ተቆጣጣሪው በኋላ ጋንግማስተርስ ኤንድ ሌበር አቢዩዝ ኦቶሪቲ ተባለ፤ የ2025ቱ የሥራ መብት ሕግ ደግሞ ተግባሩን ፌር ወርክ ኤጀንሲ ወደሚባል አዲስ ተቋም እንዲጠቃለል አድርጓል። ያለ ፈቃድ ሠራተኛ ማቅረብ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል፤ ፈቃድ ከሌለው ሠራተኛ የወሰደ ድርጅትም በወንጀል ይጠየቃል። ይሁንና ፈቃዱ የሚያስፈልገው ለእርሻ፣ ለአትክልትና አበባ ልማት፣ ለዛጎል ለቀማና ምርቱን ለማሸግ ነው። ችግኝ ለሚያፈላው ጣቢያ ሠራተኛ የሚያቀርብ ኤጀንሲ በፈቃድ መዝገቡ ላይ መኖር አለበት፤ እዚያ ስሙን መፈለግ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የሰው ቤት ሣር ለሚያጭድና ግቢ ለሚያነጥፍ ሠራተኛ የሚያቀርበው ግን በዚህ ወንፊት አያልፍም። ስለዚህ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ወንፊት እናንተ ናችሁ።

ወረቀት አውጡና ደምሩ

ከምርመራ ሁሉ ርካሹና አስተማማኙ ሒሳብ ነው። አንድ ኤጀንሲ ደውሎ “ልምድ ያለው ሰው፣ በሰዓት 14 ፓውንድ” አላችሁ እንበል። ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ 21 ዓመት ለሞላው ሠራተኛ ዝቅተኛው ሕጋዊ ክፍያ በሰዓት 12.71 ፓውንድ ነው። 14 ከ12.71 ይበልጣልና ጤነኛ ዋጋ ይመስላል።

አሁን አሠሪው ከደመወዙ በላይ የሚከፍለውን እንጨምር። በዓመት 5.6 ሳምንት የዓመት ፈቃድ ግዴታ ነው፤ ይህ በሰዓት ክፍያ ላይ 12.07 በመቶ ይጨምራል፣ 1.53 ፓውንድ። ድምሩ 14.24 ሆነ፤ ገና ከመጀመሪያው ጭማሪ 14ን አለፍን። የአሠሪው የናሽናል ኢንሹራንስ (የማኅበራዊ ዋስትና) መዋጮ በዓመት ከ5,000 ፓውንድ በላይ ባለው ደመወዝ ላይ 15 በመቶ ነው፤ በሳምንት 40 ሰዓት ለሚሠራ ሰው በሰዓት 1.78 ገደማ ይመጣል። የጡረታ መዋጮው፣ 3 በመቶው፣ ወደ 34 ሳንቲም ነው። ጠቅላላው 16.36 ፓውንድ አካባቢ ይሆናል። ኤጀንሲው ገና ትርፍ አላገኘም፣ ኢንሹራንስ አልገዛም፣ የቢሮ ኪራይ አልከፈለም።

ታዲያ በ14 ፓውንድ እንዴት ያቀርባል? የጎደለውን አንድ ሰው ይከፍለዋል፤ ያ ሰው ደግሞ ሠራተኛው ነው። ምናልባት የዓመት ፈቃዱ ተበልቷል። ምናልባት “በግሉ የሚሠራ” ተብሎ ተመዝግቧል፣ ግን መሣሪያው፣ ሰዓቱና አለቃው ሁሉ የኤጀንሲው ናቸው። ምናልባት ከዚያም የባሰ ነው። ሠራተኛው ከ21 ዓመት በታች ከሆነ ወይም አቅራቢው ለትንንሽ አሠሪዎች የሚሰጠውን የመዋጮ ቅናሽ የሚያገኝ ከሆነ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዝቅ ያለ ዋጋ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። ግን “ይህን ዋጋ ዘርዝርልኝ” ብሎ ለመጠየቅ በቂ ነው። ንጹሕ ኤጀንሲ ዝርዝሩን በዚያው ቀን ይልካል። የማይልከው “ገበያው ነው” ይላል።

በነገራችን ላይ ሒሳቡ ወደ እናንተም ይዞራል። አንድን ግቢ ለማንጠፍ ሦስት ሰው አራት ቀን የሚፈጅ መሆኑን እያወቃችሁ የሁለት ቀን ዋጋ አስገብታችሁ ጨረታ ካሸነፋችሁ፣ ልዩነቱን ወደ ንዑስ ተቋራጩ ገፋችሁት ማለት ነው። ንዑስ ተቋራጩ ደግሞ ወደ ታች ይገፋዋል። ከታች መግፊያ የሌለው ሰው ቆሟል።

ወረቀቱ የሚናገረው

በ2019 በበርሚንግሃም ክስ የታየበት ኦፕሬሽን ፎርት የተባለው ምርመራ ከ400 በላይ ተጠቂዎች እንደነበሩ የገመተ ነው። ከፖላንድ የመጡ ቤት አልባዎችና ከእስር የወጡ ሰዎች በእርሻና በቆሻሻ መልሶ መጠቀሚያ ጣቢያዎች ተቀጥረው ነበር። ብዙዎቹ ሕጋዊ ሠራተኞች ናቸው፤ በወቅቱ የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች በብሪታንያ የመሥራት መብት ነበራቸውና። ደመወዙም ይከፈል ነበር። ግን የባንክ ሂሳባቸውን የያዙት ወንበዴዎቹ ነበሩ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ደመወዝ ለሚያዘጋጀው የቢሮ ሠራተኛ ነው። በየሦስት ወሩ የሠራተኞቻችሁን ዝርዝር በባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ በአድራሻና በስልክ ቁጥር አስተካክላችሁ እዩት። ሁለት ሰዎች አንድ ሂሳብ ላይ የሚከፈላቸው ከሆነ፣ ባልና ሚስት ካልሆኑ በቀር፣ ጠይቁ። ሰባት ሰው ሁለት መኝታ ባለው ቤት አድራሻ ከተመዘገበ ጠይቁ። አምስት ማመልከቻ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ካለ ስልኩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ እወቁ። ማመልከቻዎቹ በአንድ እጅ ጽሑፍ ከተሞሉም እንዲሁ። አንዱም ብቻውን ወንጀል አያረጋግጥም፤ ዘመዳሞች አብረው ይኖራሉ፣ እንግሊዝኛ የሚችለው ለማይችለው ይጽፋል፣ እኛም ስንመጣ የኖርነው እንደዚያው ነው። ሦስቱ በአንድ ሰው ዙሪያ ሲገናኙ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የመሥራት መብት ማጣራትን ከዚህ ጋር አታምታቱት። የሼር ኮዱን (ሠራተኛው የመሥራት መብቱን ለማሳየት የሚሰጣችሁን ቁጥር) በመንግሥት ድረ ገጽ ማየት፣ ወይም ፓስፖርቱን አይቶ ቅጂ ማስቀረት፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መደረግ አለበት፤ ካልተደረገና ሰውየው ፈቃድ ከሌለው ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሠራተኛ እስከ 45,000፣ ሲደገም እስከ 60,000 ፓውንድ ነው። ፓስፖርቱ ግን በዚያው ደቂቃ ለባለቤቱ ይመለስ። “ለደኅንነቱ ቢሮ ይቀመጥ” የሚል አሠሪ ራሱን ከግዳጅ ሥራ ምልክቶች አንዱ ውስጥ ያስገባል። ደግሞ ይህ ማጣራት የሚመልሰው “መሥራት ይችላል ወይ?” የሚለውን ብቻ ነው። “ነፃ ሰው ነው ወይ?” የሚለውን አይመልስም። የቤድፎርድሺሮቹ እንግሊዛውያን ይህን ፈተና ያለ ምንም ችግር ያልፉት ነበር።

ቫኑ፣ ካራቫኑና ያ አንድ ሰው

በግቢ ሥራ ቦታ ላይ መታየት ያለበት ትንሽ ነገር ነው። ጠዋት ሠራተኞቹን የሚያወርደው ማነው? ማታስ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚወስዳቸው? ስማቸውን ስትጠይቁ ከመመለሳቸው በፊት ወደ ማን ያያሉ? በጃንዋሪ ዝናብ በሸራ ጫማ የቆመ፣ የሣር ማጨጃ በቆዳ ጓንትና በመነጽር ፈንታ በባዶ እጁ የሚነዳ፣ ምሳ ይዞ የማይመጣ ሰው አለ? ደንበኛው ሻይ ሲያመጣ “አይጠጡም” ብሎ የሚመልስላቸው ሌላ ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ በዚያው ቀን መታወቅ አለበት።

መኖሪያ ከሥራ ጋር ሲታሰር አደጋው እጥፍ ይሆናል፤ ሥራውን ያጣ ማደሪያውንም ያጣልና። አሠሪው ማረፊያ ካቀረበና ሠራተኛው ዝቅተኛውን ክፍያ የሚያገኝ ከሆነ፣ ለማረፊያ የሚቆረጠው ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ በቀን ከ11.10 ፓውንድ፣ በሳምንት ከ77.70 ሊበልጥ አይገባም። ደላሎቹ የሚያልፉበት ቀዳዳ ሌላ ስም መስጠት ነው፦ ትራንስፖርት፣ የልብስ አጠባ፣ “አስተዳደር”፣ የመሣሪያ ኪራይ። ስለዚህ የደመወዝ ደረሰኙን ስታዩ የታችኛውን ቁጥር ሳይሆን መሀል ያሉትን ተቀናሾች አንብቡ፤ ሠራተኛው ራሱ ምን እንደሆኑ ማስረዳት ይችል እንደሆነም ጠይቁት።

ስትጠይቁም ለየብቻ፣ እናንተ ባመጣችሁት አስተርጓሚ። የቡድን መሪው አስተርጓሚ ከሆነ የምትሰሙት የቡድን መሪውን ነው። ጥያቄው ምርመራ እንዳይመስል አብሮ ሥራ እየተሠራ ይሻላል፦ ሥራውን እንዴት አገኘኸው? ለማን ስንት ከፈልክ? የቀረ ዕዳ አለብህ? የባንክ ካርድህ ኪስህ ውስጥ ነው? ፓስፖርትህን ማነው የያዘው? ነገ ሥራ ብታቆም ምን ይመጣብሃል? ከሁሉ ከባዱ የመጨረሻው ነው። ጤነኛ ሰው “ሌላ ሥራ እፈልጋለኋ” ይላል። ዝም ያለውን አትጫኑት።

ችግኙ ከየት መጣ?

የግቢ ሥራ ድርጅት የሚገዛው ተክል፣ ድንጋይ፣ አፈር፣ መሣሪያና የሥራ ልብስ ነው። ሁሉንም እስከ ምንጩ ማጣራት ለትንሽ ድርጅት አይቻልም፤ የሚል ካለ አትመኑት። ብዙ ገንዘብ የሚወጣበትንና ብዙ እጅ የሚያልፈውን ምረጡ።

በብሪታንያ ውስጥ የበቀለ ችግኝና አበባ ካላችሁ የወቅታዊ ሠራተኞች ቪዛን እወቁ። ቪዛው ለስድስት ወር ነው፣ በተፈቀደላቸው ጥቂት አቅራቢዎች በኩል ብቻ ይመጣል፣ ጌጠኛ ተክልና አበባ የሚያለሙ እርሻዎችም ይጠቀሙበታል። ሠራተኞቹ ከመካከለኛው እስያ፣ ከኔፓል፣ ከኢንዶኔዥያ ይመጣሉ። ሥራ ፈላጊን ክፍያ መጠየቅ በብሪታንያ ሕግ ክልክል ቢሆንም በየአገሩ ያለ ደላላ ይቀበላል። ለምሳሌ አንድ ሰው 3,000 ፓውንድ ተበድሮ መጣ እንበል። የተረጋገጠለት በሳምንት ቢያንስ 32 ሰዓት ነው፤ በ12.71 ሲባዛ 406.72 ፓውንድ። ካራቫኑ 77.70 ሲቀነስ 329 ቀረ። ግብር ሳይቆረጥ፣ ዳቦ ሳይገዛ፣ ለቤተሰብ ሳይልክ ዕዳውን ለመክፈል ከዘጠኝ ሳምንት በላይ ይፈጅበታል። አለቃው “ነገ ትባረራለህ” ሲለው ለምን ዝም እንደሚል ከዚህ በላይ ማስረዳት አያሻም። ችግኝ አቅራቢያችሁን “ወቅታዊ ሠራተኞቻችሁ ለደላላ መክፈላቸውን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የከፈሉ ካሉ መለሳችሁላቸው?” ብላችሁ ጠይቁ።

ከውጭ የሚመጣው ችግኝ ደግሞ እኛኑ ይነካል። በብሪታንያ በረንዳ ላይ በበጋ የሚሰቀለው ጄራኒየም፣ በገና ሰሞን የሚሸጠው ቀይ ፖይንሴቲያ፣ ሥር ያላወጣ ቁራጭ ሆኖ ከምሥራቅ አፍሪካ በአውሮፕላን ይነሣል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በቆቃ አካባቢ ያሉ እርሻዎች ይህን ቁራጭ ያመርታሉ። የሚቆርጡት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ይህ ማለት ባርነት አለ ማለት አይደለም። አዋጅ 1156/2019 የሥራ ሰዓቱን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ይገድባል፣ ከ15 ዓመት በታች መቅጠርንም ይከለክላል። ለግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ግን በሥራ ላይ አልዋለም። ስለዚህ እዚያ የሚጠየቀው ጥያቄ ከሰንሰለት ይልቅ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሠራተኛ ማኅበር፣ መድኃኒት ከተረጨ በኋላ ስንት ሰዓት ቆይቶ እንደሚገባ፣ የተቆጣጣሪ ትንኮሳ የሚነገርበት ሴቶቹ የሚያምኑት ሰው ስለመኖሩ ነው። የኢትዮጵያ ሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ ያለው የአሠራር ደንብ አለው፤ ፌርትሬድም እዚያ ይሠራል። አቅራቢያችሁ “ከኔዘርላንድስ ነው” ካላችሁ መልሱ ግማሽ ነው፤ እዚያ ሥር አውጥቶ ሊሆን ይችላል። የተቆረጠው የት ነው?

ድንጋዩ

አደጋው ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው። በብሪታንያ ግቢዎች ውስጥ የሚነጠፈው የአሸዋ ድንጋይ ብዙው ከሕንድ፣ ከራጃስታን ግዛት፣ ከኮታና ከቡንዲ አካባቢ ይመጣል። ኮብልስቶን በመዶሻና በመሮ ሲጠረብ ያላየ ኢትዮጵያዊ ከተሜ ጥቂት ስለሆነ ሥራው አይከብደንም፤ ልዩነቱ የሚሠራበት ቦታ ነው። ሠራተኛው ድንጋይ በሚወጣበት ካባ ላይ ሲቀጠር ከባለቤቱ ቅድሚያ ገንዘብ ይወስዳል፤ እዚያ “ፔሽጊ” ይሉታል። ለሠርግ፣ ለሕክምና፣ ለክረምት። ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፈላል ይባላል፤ ሒሳቡን የሚይዘው ግን አበዳሪው ነው። መልቀቅ የፈለገን ሠራተኛ ሌላ የካባ ባለቤት ዕዳውን ገዝቶ ይወስደዋል። ሕንድ በዕዳ ማሠራትን በ1976 በሕግ ከልክላለች፤ ልማዱ ግን በካባዎች ውስጥ አልጠፋም። የድንጋዩ አቧራ ሳንባ ያደርቃል፣ ሲሊኮሲስ ይባላል፤ አባት ሲታመም ወይም ሲሞት ዕዳው ወደ ሚስትና ወደ ልጅ ይተላለፋል።

አሁን ኦዲቱ የት እንደሚስት እዩ። ጠፍጣፋው ድንጋይ ከካባ ወጥቶ ኮታ ወዳለ የላኪው ግቢ ይሄዳል፤ እዚያ ይቆረጣል፣ ይለካል፣ በሳጥን ይታሸጋል። ትንንሹ ኮብል ግን ብዙ ጊዜ ከተራፊ ድንጋይ በየመንደሩ፣ በየቤቱ ደጃፍ በእጅ ይሰበራል፤ ቡንዲ ውስጥ ያለችው የቡድፑራ መንደር በዚህ ትታወቃለች። ክፍያው በፍሬ ነው፤ በፍሬ የሚከፈልበትና በቤት የሚሠራ ሥራ ልጆችን ይስባል። ነጋዴ በትራክተር እየዞረ ይሰበስባል። ኦዲተሩ የሚጎበኘው የላኪውን ግቢ ነው፤ እዚያ ሕፃን የለም፣ የራስ ቁር አለ፣ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል። ሪፖርቱ እውነት ነው፤ የተጎበኘው ቦታ ግን የተሳሳተ ነው።

ስለዚህ የድንጋይ ነጋዴያችሁን “ኦዲት አለ ወይ?” አትበሉት፤ አለ ይላችኋል። “የካባው ስም ማነው? ኮብሉን የሰበረው ማነው፣ በማሽን ነው በእጅ? ኦዲቱ ካባውንና መንደሩን አይቷል?” በሉት። በማሽን የተቆረጠ ኮብል ወደ አንድ ቦታ ተከትሎ መድረስ ይቻላል፤ ይህ ጥቅሙ ነው፤ ያለ ውኃ ከተቆረጠ ግን አቧራው የባሰ ነውና ያንንም ጠይቁ። ኢቲካል ትሬዲንግ ኢኒሼቲቭ ከተባለው የድርጅቶች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የግብረ ሰናይ ተቋማት ጥምረት ጋር የሚሠሩ የድንጋይ አስመጪዎች አሉ፤ ቢያንስ ጥያቄው አይገርማቸውም። መልሱን ለማግኘት አንድ ወር ይፈጃል ካሏችሁ ጠብቁ። ጭራሽ መልስ በማይሰጥ ነጋዴ ድንጋይ ፈንታ ግን በብሪታንያ የተመረተ የሲሚንቶ ንጣፍ ወይም ያገለገለ ድንጋይ ለደንበኛው አማራጭ አድርጋችሁ አቅርቡ።

ጓንቱና ሌላው ባጭሩ። በ2020 የአሜሪካ ጉምሩክ የማሌዥያን ትልቅ የላስቲክ ጓንት አምራች ምርት በግዳጅ ሥራ ምክንያት አገደ፤ ዋናው ጉዳይ ከባንግላዴሽና ከኔፓል የመጡ ሠራተኞች ለደላላ የከፈሉት ዕዳ ነበር፤ አምራቹም ገንዘቡን ለሠራተኞቹ መመለስ ጀመረ። የፀሐይ ብርሃን መብራቶች ውስጥ ያለው ሲሊከንና የሥራ ልብስ ጥጥ የግዳጅ ሥራ አለበት ከሚባለው ከቻይናው የሺንጂያንግ ግዛት ጋር ሊገናኝ ይችላል፤ አሜሪካ በ2021 ከዚያ የሚመጣን ዕቃ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። የባትሪ አጥር መቁረጫ ውስጥ ያለ ኮባልት ከዓለም ምርት አብዛኛውን ከምታወጣው ከኮንጎ ሊሆን ይችላል። በዓመት ሁለት መቁረጫ የሚገዛ ድርጅት እዚህ ላይ ጉልበት የለውም፤ ጊዜውን ለሠራተኛው፣ ለችግኙና ለድንጋዩ ቢያውለው ይሻላል።

ቢገኝስ?

እዚህ ላይ ቅን ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው ስህተት የቡድን መሪውን መጋፈጥ ነው፤ ነገ ሠራተኞቹ የሉም፣ የት እንደሄዱ የሚያውቅም የለም። ሁለተኛው ውሉን በዚያው ቀን መሰረዝ ነው። እጃችሁ ንጹሕ ሆነ፣ ሠራተኛው ግን ከነዕዳው ሜዳ ላይ ቀረ። ሦስተኛው “እርግጠኛ እስክሆን” ብሎ መቆየት ነው፤ እርግጠኛ መሆን የፖሊስ ሥራ ነው።

አስቸኳይ አደጋ ካለ 999። ካልሆነ የዘመናዊ ባርነት የስልክ መስመር 08000 121 700 ነው፤ ስም ሳይጠቀስ ማማከርም ይቻላል። በዚያው ለፖሊስ 101 መደወል ይቻላል። አዋቂ ሰው ናሽናል ሪፈራል ሜካኒዝም ወደሚባለው የድጋፍ ሥርዓት የሚገባው ራሱ ሲስማማ ብቻ ነው፤ ልጅ ከሆነ ፈቃድ አይጠየቅም። የሚያስገቡትም የተወሰኑ ናቸው፦ ፖሊስ፣ የአካባቢ አስተዳደር፣ ሳልቬሽን አርሚ፣ ሌሎችም። አሠሪ አያስገባም። የመጀመሪያው ውሳኔ በአምስት የሥራ ቀን እንዲሰጥ ታቅዷል፤ ውሳኔው ተጠቂ ሊሆን እንደሚችል ከተቀበለ ሰውየው ቢያንስ 30 ቀን ማረፊያና ድጋፍ ያገኛል። የመኖሪያ ፈቃድ በራሱ አይሰጥም፤ ይህን ለሠራተኛው ደብቆ “ሁሉ ነገር ይስተካከላል” ማለት ሌላ ማታለል ነው።

ድንጋይ ወይም ችግኝ አቅራቢ ዘንድ ከተገኘ ደግሞ ቶሎ ከመሸሽ በፊት እርምት ጠይቁ፦ በጽሑፍ፣ ቀን ቆርጦ። የተከፈለ የደላላ ገንዘብ ይመለስ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ፣ የጎደለ ደመወዝ ይከፈል። እንቢ ካለ ያኔ ውሉ ይቋረጥ።

ስልክ ከመደወላችሁ በፊት በእጃችሁ መኖር ያለበት ማስታወሻ ይህ ነው፦ ቀኑና ሰዓቱ፣ የቫኑ ታርጋ፣ ያያችሁት በዓይናችሁ፣ የሰማችሁት በተናገረው ሰው ቃል፣ ስንት ሰዎች እንደነበሩ፣ ነገ የት እንደሚሠሩ። ፎቶ አታንሡ፤ የቡድን መሪው ያያችኋል። የስልክ መስመሩ ቁጥር ያለበት ትንሽ ካርድ በሮማኒያኛ፣ በቬትናምኛ፣ በአልባኒያኛ፣ በአማርኛ አሳትማችሁ በሥራ ቦታው ተንቀሳቃሽ መጸዳጃ በር ጀርባ ላይ ለጥፉት፤ ማንም ሳያየው የሚነበብበት ቦታ እሱ ብቻ ነው።